የኢንዳክሽን ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውንና ድስቱን እዩ፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ የግል ተሞክሮ

በደብረ ብርሃን ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች መካከል የኢንዳክሽን ምድጃ፣ ማለትም በመግነጢሳዊ ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያግለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የሌለበትን ማግኘት አሁን አስቸጋሪ ሆኗል። ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞት ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያየው የነበረው ያ ጠፍጣፋ ጥቁር መስታወት ዛሬ ከካውያና ከውኃ ማፍያ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል፤ ለሠርግ ስጦታ ይሰጣል፤ የዕቁብ ዕጣ የወጣላት ሴትም መጀመሪያ የምታስበው እሱን ሆኗል። እኔም ከገዙት አንዷ ነኝ። ከኅዳር 2017 ጀምሮ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየቀኑ አብስዬበታለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ምድጃው ተቃጥሎብኛል፣ አንድ ዲቫይደር ቀልጦብኛል፣ ዓመታት ያጠራቀምኳቸው ድስቶችም አብዛኞቹ ከመደርደሪያ ወርደዋል። ከደረሰብኝ ሁሉ የተረዳሁት፣ ምድጃው ቤት ገብቶ ማገልገል አለማገልገሉን የሚወስነው ከምድጃው ዓይነት ይልቅ የቤቱ የመብራት መስመርና ማጀት ውስጥ ያለው ድስት መሆኑን ነው። ሻጭ ስለ ሁለቱም ስለማይጠይቅ ገዢው ራሱ አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባዋል።

ወደዚህ ምድጃ የመራን የከሰል ጉዳት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚህ ወቅት እራት የተሠራበትን ከሰል ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ፍሙ ከቀላና ጭሱ ከጠፋ በኋላ ጉዳት የለውም ብለን እናምን ነበር። በዚያ ኅዳር አንድ ሌሊት የዘጠኝ ዓመት ልጄ እያቃሰተች ነቃች፤ ልታስመልስ ተነሥታ ጉልበቷ ከዳትና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ ተሸክሟት ወደ ግቢ ሲወጣ እኔም ራሴን እንደ መዶሻ ይመታኝ ነበር። ሐኪም ቤት ኦክሲጅን ተሰጥቷት በማግሥቱ ዳነች። ያከማት ሐኪም ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ አስረዳን። ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

በሳምንቱ ሄጄ ምድጃውን ገዛሁ። ሻጩ በራሱ ድስት ውኃ አድርጎ በጥቂት ደቂቃ ሲያንተከትከው አይቼ ምንም አልጠየቅሁም። ቤት ገብቼ ሽሮ የምሠራበትን የአሉሚኒየም ድስት ስጥደው ምድጃው ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። የተበላሸ ዕቃ የሸጠልኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ከዚያ በኋላ በቤት ያሉትን ድስቶች በየተራ እያወጣሁ ሞከርኩ፤ ከአሥራ አንዱ የሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ብረት ምጣዱ፣ አንድ የማይዝግ ብረት ድስትና አማቴ ከጣርማበር ይዘውት የመጡት ጠርዙ የተላላጠ የኢናሜል ድስት። ለዓመታት ሳንጠቀምበት ከአልጋ ሥር የከረመው ይህ የኢናሜል ድስት ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ ሠራ።

ምክንያቱን መረዳት ገንዘብ ስለሚያድን ባጭሩ ልግለጸው። ከመስታወቱ ሥር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፤ ይህ ኃይል በድስቱ መቀመጫ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲሽከረከር ያደርግና ብረቱን ራሱን ያግለዋል። ስለዚህ እሳቱ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ሸክላ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ፈጽሞ አይሞቅም። አሉሚኒየምና መዳብ ደግሞ ማግኔት የማይስባቸውና ኤሌክትሪክን ያለ ብዙ ተቃውሞ የሚያሳልፉ በመሆናቸው የሚገኘው ሙቀት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ምድጃውም ይህን አውቆ ይዘጋል። አማቴ ይህን ስነግራቸው ስላላመኑ ውኃው እየፈላ ሳለ መዳፋቸውን ከድስቱ አጠገብ መስታወቱ ላይ አሳረፉና፣ «ታዲያ እሳቱ የት አለ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ብዙ ቆይተውም እጃቸውን አላነሡም። ይሁን እንጂ ድስቱ የተቀመጠበት ቦታ ከድስቱ በሚተላለፍ ሙቀት ስለሚግል፣ ድስቱ ከተነሣ በኋላ ልጆች እንዳይነኩት ማስተማር ያስፈልጋል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በአካሉ የተተከለለት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር በዚህ ምድጃ አጠገብ መቆም የለበትም።

ድስት ለመግዛት ስትሄዱ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ የተፈታ ማግኔት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ገበያ ወርጄ ነበር። ዕቃ ሻጯ፣ «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ነው፤ ምን ይፈተናል?» ብትለኝም ፈቀደችልኝ፤ እየጠጋን ስንሞክር ከሚያብረቀርቁት ድስቶች ግማሽ ያህሉ ማግኔቱን አልያዙትም። የማይዝግ ብረት የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ሁለታችንም ያወቅነው ያኔ ነው። ማግኔቱ መጣበቅ ያለበት በጎኑ ሳይሆን በመቀመጫው ላይ ነው፤ ሲላቀቅም እምቢ እንደማለት ብሎ መሳብ አለበት። አንዳንድ የአሉሚኒየም ድስቶች መቀመጫቸው ላይ ስስ ብረት ተለጥፎባቸው ለኢንዳክሽን እንደሚሆኑ ተጽፎባቸው ይሸጣሉ፤ ብረቱ ጠባብ ከሆነ ግን የሚሞቀው መሐሉ ብቻ ነው። መቀመጫው ዝርግና ወፍራም መሆኑንም እዩ፤ ስስ ብረት ባዶውን ሲጣድ በደቂቃ ውስጥ ይጣመማል። ሸክላና አሉሚኒየም እንዲሠራ ተብሎ በመሐል የሚቀመጥ ክብ ብረትም ሸጠውልኝ ነበር። ጀበና ጣድኩበት፤ ብረቱ ራሱ ከመጠን በላይ ግሎ ምድጃው ቡናው ሳይፈላ ራሱን አጠፋ። ሁለተኛ አልሞከርኩትም፤ ማንም እንዲገዛው አልመክርም።

ከድስቱ የከፋው ግን የመብራቱ ጉዳይ ነበር። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ 9 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው። ይህ ጭነት ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ በተዘረጋ ስስ ሽቦ ላይ በየቀኑ ለሰዓታት ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። የእኛ ቤት የተሠራው ከብዙ ዓመት በፊት በመሆኑ ሁሉም ሶኬት በአንድ መስመር የተያያዘ ነበር። የ2017 የገና ዋዜማ ማታ ሳሎን ውስጥ ካለው ሶኬት በዲቫይደር ወደ ማጀት ስቤ፣ በአንዱ ቀዳዳ ምድጃውን፣ በሌላው የውኃ ማፍያውን ሰክቼ ነበር። ሽንኩርቱን እያቁላላሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ከድስቱ መስሎኝ አወረድኩት፤ ሽታው ግን በረታ። ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ የዲቫይደሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ፣ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ፣ ከመጋረጃው ጫፍ አንድ ጋት በማይሞላ ርቀት ላይ ይጨስ ነበር። ሮጦ ብሬከሩን ባያጠፋው ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድነት ወደ 17 አምፔር ይስቡ እንደነበርና ያ ዲቫይደር ይህን ግማሽ ያህል እንኳ ለመሸከም እንዳልተሠራ በኋላ ተነገረኝ።

ከበዓሉ በኋላ የሰፈራችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «እትዬ፣ እንጀራ በኤሌክትሪክ ነው የሚጋግሩት?» ብሎ ነበር። አዎን አልኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ምድጃው ሲጨመርበት 25 ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳላበራ አስጠነቀቀኝ፤ እኔም እንጀራ በምጋግርበት ሰዓት ምድጃውን ከሶኬት ነቅዬ አስቀምጣለሁ። ከዚያም ከዋናው ሳጥን ተነሥቶ በቀጥታ ማጀት የሚደርስ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መስመር ዘረጋልኝ። የሽቦው፣ የሶኬቱና የእጁ ዋጋ ተደምሮ የምድጃውን ዋጋ ግማሽ አልፏል፤ ምድጃውን ስገዛ ይህን ወጪ በሐሳቤም አላስገባሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱን በመዳፌ ጀርባ ስነካው ሞቆ አግኝቼው አላውቅም። ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፍተሻም ይኸው ነው፦ ምድጃው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍታችሁ፣ የሶኬቱን ፊት በጥንቃቄ ዳስሱ፤ ከሞቀ በዚያ ሶኬት መጠቀም አቁሙ።

ያው ባለሙያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በቴስተር ሲለካ 220 መሆን የሚገባው ኃይል 178 ቮልት ሆኖ ተገኘ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግርና ሲያበስል ከዚያም ይወርዳል። ምድጃው ኃይሉ ከመጠን በታች ሲወርድ ራሱን ያጠፋና መስኮቱ ላይ የስሕተት ምልክት ያወጣል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። የእኔ ግን በእርግጥም ተበላሽቶ ነበር። ከጥምቀት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ምድጃው ከሶኬት ሳይነቀል ስለቆየ፣ መብራቱ በድንገት በኃይል ሲመጣ ውስጡ «ጧ» ብሎ ጸጥ አለ። የሸጠልኝ ሱቅ ዋስትናው ዕቃው ሲሸጥ መሥራቱን ማሳየት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። የጠገነልኝ ቴሌቪዥን የሚሠራ ወጣት ነው፤ የተቃጠለው አይጂቢቲ የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል እንደሆነና በእነዚህ ምድጃዎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ብልሽት ይኸው እንደሆነ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ መብራት እንደጠፋ ወዲያው እነቅላለሁ፤ ሲመለስም አምፖሉ ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ እስኪቆይ እጠብቃለሁ። በተቃራኒው፣ አብስላችሁ እንደጨረሳችሁ ቶሎ አትንቀሉት፤ ከጠፋም በኋላ የሚዞረው ማራገቢያ ውስጡን እያቀዘቀዘ ስለሆነ ዝም እስኪል መተው ይገባል። የማራገቢያው ቀዳዳ ከሥሩ ስለሆነም በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀት ፈልጎ በዚያ ቀዳዳ የሚገባ በረሮም ብዙ ምድጃ እንዳበላሸ ጠጋኙ ነግሮኛል።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን የዋት መጠን እንዳለ ማመን አያስፈልግም። የእኔ ካርቶን 3,500 ዋት ይላል። የቆጣሪያችን ፊት ላይ 1,600 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። አንድ ቀን በቤት ያለውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ምድጃውን ብቻ በመጨረሻው ኃይል አብርቼ፣ ልጄ ሰዓት እየያዘች እኔ ቀዩን ብልጭታ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 48 ሆነ። በሰዓት 2,880 ማለት ነው፤ ለ1,600 ሲካፈል 1.8 ኪሎዋት። ይህ ለቤታችን መስመር ከ3,500 የተሻለ ስለሆነ አላዘንኩም፤ ነገር ግን በካርቶኑ ቁጥር ተማርኮ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይፈላል፣ የሚበስለው ነገር ግን ይዘገያል። ሁለት ሊትር ውኃ በዚህ ምድጃ በሰባት ደቂቃ ያህል ይፈላል፤ ቀድሞ የነበረን ሽቦው የሚቀላው ስቶቭ ለዚሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ክክ ግን ምድጃው ምንም ቢበረታ ውኃው ከ91 ዲግሪ ስለማያልፍ ጊዜያቸውን ይፈልጋሉ። ከብረት የተሠራ የግፊት ድስት ብትገዙ በውስጡ ያለው ሙቀት ስለሚጨምር ንፍሮውም ክኩም ቶሎ ይበስላል፤ በደጋ ለምንኖር ሰዎች ከምድጃው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ እሱ ይመስለኛል። እሱም አሉሚኒየም እንዳይሆን ማግኔቱን አትርሱ።

ወጥ ላይ መላመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ቁሌት በከሰል ላይ የሚሠራ ሰው እሳቱን የሚያውቀው በፍሙ ዓይን ነው፤ እዚህ የሚታይ ፍም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንኩርቱ ጠርዝ ላይ ጥሬ ሆኖ መሐሉ ላይ ያርርብኝ ነበር፤ ከሥር ያለው ሽቦ ክበቡ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ስለሆነ ሰፊ ድስት ዳር ዳሩ አይሞቅም። አሁን መቀመጫው ከክበቡ ብዙም የማይበልጥ ወፍራም ድስት እጠቀማለሁ፤ ሽንኩርቱን በመካከለኛ ኃይል ጀምሬ፣ ውኃውን ሲጨርስ ዝቅ አድርጌ፣ ከዳር ወደ መሐል እያማሰልኩ አቁላላለሁ። ሽሮ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ርካሽ ምድጃዎች ኃይላቸው ዝቅ ሲደረግ በእርግጥ አይቀንሱም፤ ለጥቂት ሰከንድ በሙሉ ኃይል ይሠሩና ለጥቂት ሰከንድ ያርፋሉ። በስስ ድስት ላይ ሽሮው በሙሉ ኃይሉ ጊዜ ይፈናጠርና ሥሩ ይይዛል፤ በዕረፍቱ ጊዜ ጭጭ ይላል። ወፍራም ድስት ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ይህን መዋዠቅ ያስታግሠዋል፤ በዐቢይ ጾም ሽሮ በየቀኑ በሚሠራበት ጊዜ ልዩነቱን በግልጽ አይቼዋለሁ። ሽሮን በሸክላ ማቅረብ የሚወድ ሰው በብረት አብስሎ፣ በሙቅ ውኃ በሞቀ ሸክላ ውስጥ ገልብጦ ማቅረብ ይችላል። ገንፎ ሲገነፋ ድስቱ በመስታወቱ ላይ ስለሚንሸራተት አንድ ሰው ጆሮውን ይዞ ሌላው ቢያማስል ይሻላል፤ ድስቱን አንሥቶ መልሶ ማሳረፍ መስታወቱን ሊሰብር ይችላል።

እንጀራ በዚህ ምድጃ አይጋገርም፤ ሰፊ የሸክላ ምጣድ የሚያሞቅ የቤት ኢንዳክሽን አላየሁም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ጭስ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ከቤት አይወጣም። የሸክላ ጀበናም እንዲሁ። ቡናውን በብረት ምጣድ በዝቅተኛ ኃይል ስቆላ እጅግ ያምራል፤ ማፍላቱን ግን በከሰል ነው የምንቀጥለው፣ በረንዳ ላይ፣ በር ተከፍቶ። ከሰሉ የሚነደው ላቀች በሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ላይ ስለሆነ ጥቂት ፍም ለሦስቱም የቡና ዙር ይበቃል። ከዚህ ቀደም ሦስት ሳምንት የማይቆይ የነበረው አንድ ጆንያ ከሰል አሁን ከሦስት ወር በላይ ይቆያል።

የመብራት ወጪያችን ምን ያህል ጨመረ ለሚለው፣ ከቆጣሪው እንደማየው በወር በአማካይ 45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ በከሰል የምናወጣው ከነበረው ገንዘብ በብዙ ያንሳል። ሆኖም የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ፣ የዛሬውን ሒሳብ ለዓመታት ይዞ መቆየት አይቻልም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ምድጃው ቤት አያሞቅም። ከድስቱ ውጭ የሚባክን ሙቀት እምብዛም ስለሌለው ማጀታችን በኅዳር ይቀዘቅዛል፤ አማቴ በመጀመሪያው ዓመት፣ «ምግቡን አበሰለ፣ እኛን ግን ረሳን» ብለው ከሰሉ እንዲገባላቸው ደጋግመው ለምነውኛል። ልጃቸውም እኔም እምቢ አልናቸው፤ ማታ ማታ በምድጃው የፈላ ውኃ በላስቲክ ከረጢት አድርገን በብርድ ልብሳቸው ውስጥ እግራቸው ሥር እናደርግላቸዋለን። በደጋ ከተማ ይህን ሳያስቡ ወደ ኢንዳክሽን መሻገር አደገኛ ነው፤ ብርድ ያስጨነቀው ሰው ያስወጣነውን ከሰል ለማሞቂያ ብሎ መልሶ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋልና።

ስለ ሕዳሴ ግድብ እያነሡ ከእንግዲህ መብራት ይትረፈረፋል፣ ምድጃውን ግዙ የሚሉ ሻጮች አሉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ከተደሰቱት አንዷ ነኝ፤ የ5,150 ሜጋዋት አቅምም ለአገር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በግድቡና በእኔ ድስት መካከል የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከምሰሶው እስከ ቤት ያለው ገመድና የግድግዳው ሽቦ አሉ። እንደ እኛ በውኃ ኃይል የምትተማመነው ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2014 የማብሰያ ጋዝን በኢንዳክሽን ለመተካት ስትነሣ፣ ከምድጃው ጋር ባለ 220 ቮልት መስመር እስከ ማጀት ድረስ እንዲዘረጋ አድርጋ ነበር፤ ያም ሆኖ 3 ሚሊዮን ቤቶችን ለማዳረስ የያዘችው ዕቅድ በጊዜው አልተሳካም። እዚህ ምድጃው በየሱቁ ሞልቷል፤ መስመሩን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም።

ይህ በተለይ የሚጎዳው የራሳቸው ቆጣሪ የሌላቸውን ነው። ከግቢያችን ጀርባ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ ከሌላ ቤት በተቀጠለ ስስ ገመድ ነው መብራት የሚያገኙት። የኔን ምድጃ አይተው ሊገዙ ገንዘባቸውን ይዘው መጡ። ባለሙያው ገመዳቸውን አይቶ፣ አምፖላቸው ካውያ ሲሰካ የሚደበዝዝ ከሆነ ምድጃውን እንደማይችለው፣ በአንድ ቆጣሪ ሦስት ቤት ሲጠቀም ደግሞ ሒሳቡ ወደ ላይኛው እርከን እንደሚያሻቅብ ነገራቸው። አዘኑ፤ እኔም አዘንኩ፤ የሚያበስሉት በኩበት ነውና ዓይናቸው ዘወትር ያለቅሳል። ገንዘቡን ለምድጃ ከማዋል ለራሳቸው ቆጣሪ ማመልከት እንደሚሻል ተስማማንና ማመልከቻቸውን እኔ ጻፍኩላቸው። እስከዚያው ግን ያን የራዲዮ ማግኔት ተውሰውኝ ወሰዱት፤ ድስቶቻቸውን በሙሉ ፈትነው፣ የሚሠሩትን ሁለቱን ለይተው መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠዋል።